ምዕራፍ ሰባት፦ ጓጉንቸሩና ቁልፉ

ሱፐርማን ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው በጁን 1938 «አክሽን ኮሚክስ» አንደኛ ቁጥር ላይ ነው። (እንደ ቀደሙት ምዕራፎች ሁሉ እዚህም ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በዚያ እትም ከማን ጋር ታገለ? ሚስቱን ከሚደበድብ ባል ጋር። ጋዜጠኛዋን ሎይስ ሌንን አፍነው በመኪና ከሚወስዱ ወሮበሎች ጋር። ዋሽንግተን ውስጥ የምክር ቤት አባል በእጁ ካስገባ ጉዳይ አስፈጻሚ ጋር። ባልየው ቢላ ሲሰነዝር ስለቱ ሱፐርማን ቆዳ ላይ ተሰበረ፤ ሰውዬውም ደንግጦ ራሱን ሳተ። ወሮበሎቹን ደግሞ መኪናቸውን ከነነፍሳቸው አንሥቶ አራገፋቸው።

ለአንድ እትም ደስ ይላል። ለሁለተኛውም ይሁን። ግን ጥይት የማይበሳው ሰው በየወሩ ተራ ወንበዴ ሲያንከባልል ማየት እስከ መቼ ያጓጓል? ጸሐፊው ጀሪ ሲግልና ሠዓሊው ጆ ሹስተር፣ ሁለቱ የክሊቭላንድ ወጣቶች፣ ከዚህ ጥያቄ ጋር ለመፋጠጥ ዓመት እንኳ አልፈጀባቸውም።

ባለፈው ምዕራፍ ጀግና ከሦስት ነገሮች እንደሚሠራ አይተናል። አንዱ ጸጋው ነው፤ ሌላው ሰው የሌለው ችሎታ። ሁለተኛው ቁስሉ፤ ወደዚህ ሥራ የገፋው የቆየ ሕመም። ሦስተኛው መሐላው፤ ምን ቢመጣ የማይጥሰው ሕግ። ያኔ ስለ ባላንጣው አንድም ቃል አልተነፈስኩም፤ ሆን ብዬ ነው። ብዙ አንባቢ ባላንጣ የሚፈጠረው ደራሲው ቁጭ ብሎ የቻለውን ያህል ክፉ፣ የቻለውን ያህል አስፈሪ ሰው በማሰብ ይመስለዋል። እንዲህ የተፈጠሩ ባላንጣዎች በእርግጥ በሺዎች ይቆጠራሉ። ስማቸውን የሚያስታውስ ግን የለም።

የቀሩት የተሠሩበት መንገድ ሌላ ነው። ቁልፉ የጠፋ ጓጉንቸር ይዘው ወደ ቁልፍ ቀራጭ ሄደው ያውቁ እንደሆነ አሠራሩን አይተውታል። ቀራጩ ጥርስ ያልወጣለት ጥሬ ቁልፍ ይከትና ቀስ አድርጎ ያስጨንቀዋል፤ ያወጣውና ወደ ብርሃን አስጠግቶ ያየዋል። ጓጉንቸሩ ከውስጥ የነከሰበት ቦታ ላይ ትንሽ ጭረት አለ። እዚያ ላይ በሞረድ ይሞርዳል፤ መልሶ ይከታል፤ ያወጣል፤ ይሞርዳል። የድሮውን ቁልፍ ያሳየው የለም፤ የት የት መሞረድ እንዳለበት የሚነግረው ራሱ ጓጉንቸሩ ነው። በኮሚክስ ዓለምም ጀግናው ጓጉንቸር ነው፤ ባላንጣው በእርሱ ልክ የሚሞረድ ቁልፍ። የዚህ ምዕራፍ ሐሳብ ይኸው ነው።

ጉልበት የማይደርስበት

ሲግልና ሹስተር የሱፐርማንን ጓጉንቸር ሲመረምሩ መጀመሪያ ያገኙት ጭረት ግልጽ ነበር። ይህ ሰው ሁሉን ነገር በክንዱ ይፈታል፤ ስለዚህ በክንድ የማይፈታ ነገር ይምጣበት። በ1939 ያመጡለት አልትራ ሂውማናይት የተባለ ሳይንቲስት በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄድ፣ ሰውነቱ የማይታዘዘው፣ አእምሮው ግን ወደር የሌለው ሰው ነበር። ሱፐርማን በአካሉ የሆነውን ሁሉ እርሱ በአካሉ አይደለም። በ1940 ደግሞ ሉተር ተከተለ፤ እርሱም ሳይንቲስት፣ እርሱም በአእምሮው የሚመካ። የመጀመሪያው ሉተር ቀይ ጸጉር ነበረው። በ1941 የጋዜጣውን ተከታታይ ታሪክ ይሥል የነበረ ሠዓሊ፣ በስህተት ይመስላል፣ ራሰ በራ አድርጎ ሣለው፤ እንደዚያው ቀረ።

ይህ ራሰ በራነት ግን ወደ ኋላ የሚሄድ ታሪክ አለው። እነዚሁ ሁለት ወጣቶች ገና ተማሪዎች ሳሉ፣ በጃንዋሪ 1933፣ ራሳቸው ባባዙት ትንሽ መጽሔት ላይ «ሱፐርማን» የሚል ስም ያለው ሰው የሚገኝበት ሌላ ታሪክ አውጥተው ነበር። ዳቦ ሊቀበል ከተሰለፈ ድሃ መካከል አንዱን ሳይንቲስት ይወስደውና መድኃኒት ያቀምሰዋል፤ ሰውዬው የሰው ሐሳብ ማንበብ ይጀምራል፤ ከዚያ ዓለምን ልግዛ ይላል። ሥዕሉ ላይ ራሰ በራ ነው። ማለትም የመጀመሪያው ሱፐርማን ባላንጣ ነበር። ፈጣሪዎቹ ቆይተው ኃይሉን ከአእምሮ ወደ ክንድ አዛወሩት፤ ልቡንም ገለበጡት፤ ጀግና ወጣው። ባላንጣ ሲያስፈልጋቸው የተጣለው ራሰ በራ አእምሮ እዚያው ወርክሾፑ ውስጥ ሞረድ እየጠበቀ ነበር።

የእኔ ተወዳጅ ግን በ1944 የመጣው ነው። ስሙን ለመጥራት ምላስ የሚተሳሰርበት፣ ከሌላ የህልውና ዓለም የመጣ፣ ክፋት ሳይሆን ተንኮል የሚያጫውተው ድንክ ሰው። ቢመቱት አይመታም፤ ቢይዙት አይያዝም። ወደመጣበት የሚመለሰው የገዛ ስሙን በራሱ አፍ ከኋላ ወደ ፊት ሲጠራ ብቻ ነው። ተራራ የሚያነሣው ጀግና በዚያ እትም ያለው መሣሪያ ብልጠት ብቻ ነው። ልጆች ሳቁበት፤ ዛሬም ድረስ በየጊዜው ይመለሳል።

በ1986 ጆን በርን የሱፐርማንን ታሪክ ከመጀመሪያው እንደገና ሲጽፍ ሉተርን ከቤተ ሙከራ አውጥቶ የመስታወት ፎቅ አናት ላይ አስቀመጠው፤ የከተማዋ ቱጃር፣ ግማሹ ሕዝብ የሚቀጠርለት። ዘመኑ ትልልቅ ኩባንያዎች አየሩን የሞሉበት ዘመን መሆኑን ልብ ይበሉ። ይህ ሉተር ሱፐርማንን የሚጠላበት ምክንያት ከቀድሞው በጣም የበሰለ ነው። ሱፐርማን ሳይመጣ በፊት ከተማዋ ቀና ብላ የምታየው እርሱን ነበር። አንድ ቀን ከሰማይ የወረደ፣ ምንም የማይሸጥ፣ ምንም የማይጠይቅ ሰው መጣና ሰዎች ቀና ሲሉ ሌላ ነገር ማየት ጀመሩ። ሱፐርማን ግን እጁን ምን ላይ ያሳርፍ? ሉተር ጠበቃ አለው፤ ፊርማው ወንጀል ላይ አይገኝም፤ እርሱን በቡጢ መምታት የሱፐርማንን መሐላ ማፍረስ ነው። ቁልፉ ከጸጋው አልፎ ወደ መሐላው ገባ።

አክተር አይሞትም

በልጅነታችን በቪዲዮ ቤት ጨለማ ውስጥ አንድ የማይናወጥ እምነት ነበረን፦ አክተር አይሞትም። አስር ሰው ቢተኩስበት፣ ከገደል ቢወረወር፣ ፊልሙ ከመጀመሩ በፊት ውጤቱን እናውቃለን። ታዲያ ለምን ላባችን ጠብ እስኪል እንጨነቅ ነበር?

ስለ ወርኃዊ ኅትመት ባወራንበት አምስተኛው ምዕራፍ እንዳየነው፣ በኮሚክስ ይህ እምነት የንግድ ሕግ ነው። ጀግናው ከሞተ በሚቀጥለው ወር የሚሸጥ ነገር የለም። አንባቢው ይህን ያውቃል፤ ደራሲውም አንባቢው እንደሚያውቅ ያውቃል። ስለዚህ «ይገድለው ይሆን?» የሚለው ጥያቄ ከመጀመሪያው ባዶ ነው። ባላንጣው ከጀግናው ሊወስድ የሚችለው ሌላ ነገር መኖር አለበት፦ መሐላውን፣ የሚወደውን ሰው፣ ስለ ራሱ ያለውን እምነት። እነዚህ ደግሞ ከጀግና ጀግና ይለያያሉ። ለአንዱ የተሞረደ ቁልፍ ለሌላው የማይሠራው ለዚህ ነው። የባትማንን ባላንጣ ጆከርን ከሱፐርማን ፊት ቢያቆሙት ፊቱን የተቀባ ወንበዴ ከመሆን አያልፍም።

ሕጉ ቀስ በቀስ ባላንጣውንም ማዳን ጀመረ። በ1940 የጸደይ ወራት በወጣው የ«ባትማን» አንደኛ ቁጥር ላይ ጆከር ሲመጣ ሊኖር የታቀደለት ያን አንድ እትም ብቻ ነበር። በመጨረሻው ገጽ በገዛ ጩቤው ደረቱን ወግቶ ይሞታል፤ በቃ። አርታኢው ዊትኒ ኤልስዎርዝ ግን እንዲህ ያለ ሰው መቅበር ሞኝነት መሰለው። አንድ ተጨማሪ ሥዕል እንዲገባ አዘዘ፤ በአምቡላንስ ውስጥ ያለው ሐኪም ሰውዬው ገና እንደሚተርፍ ይናገራል። በዚያች አንዲት ሥዕል ምክንያት ነው ዛሬ ስለ ጆከር የምናወራው።

ምክንያት ያጣ ሳቅ

ጆከርን ማን ፈጠረው በሚለው ላይ ሦስቱ ባለቤቶቹ፣ ቦብ ኬን፣ ቢል ፊንገርና ጄሪ ሮቢንሰን፣ ዕድሜ ልካቸውን አልተስማሙም። ሮቢንሰን የመጫወቻ ካርታው ሐሳብ የእኔ ነው ይል ነበር፤ ፊንገር ደግሞ በ1928 የተሠራ ድምፅ አልባ ፊልም ላይ አፉ ለዘላለም ፈገግ ብሎ የቀረ ሰው ሆኖ የተወነውን የኮንራድ ቫይትን ፎቶ አመጣ። የባለቤትነቱን ክርክር ለባለጉዳዮቹ ልተወው። ለእኛ የሚጠቅመን ሦስቱም ሞረዳቸውን ያሳረፉበት ጓጉንቸር አንድ መሆኑ ነው።

ያ ጓጉንቸር ምን ይመስላል? የባትማን ቁስል በ1939 ተነግሯል። አንድ ልጅ ከወላጆቹ ጋር ከሲኒማ ሲመለስ ዘራፊ ተኩሶ ሁለቱንም በፊቱ ይገድላቸዋል። ሞታቸው ምንም ትርጉም የለውም፤ ለአንገት ሐብል ነው። ልጁ ያን ትርጉም አልባ ሌሊት በሥርዓት ሊያሸንፈው ይነሣል፦ ያጠናል፣ ሰውነቱን ያሠለጥናል፣ ሁሉን ነገር አስቀድሞ ያሰላል። ብዙ ሳይቆይ ሰው ያለመግደል ሕግ ተጨመረለት (በመጀመሪያዎቹ ወራት ይገድል ነበር፤ ያስቆመው ያው አርታኢው ኤልስዎርዝ ነው)። ፈገግታ አያውቅም፤ ጥቁር ለባሽ ነው።

ታዲያ እንዲህ ያለውን ሰው ምን ያስጨንቀዋል? ብልህ ሌባ አያስጨንቀውም፤ ሌባ ምክንያት አለው፤ ምክንያት ያለው ነገር ይሰላል። ጆከር ግን ገና ሲመጣ በራዲዮ ማን በስንት ሰዓት እንደሚሞት ተናግሮ፣ በተባለው ሰዓት ይገድላል። የሟቾቹ ፊት ፈገግ እንዳለ ይደርቃል። ባለቀለም ይለብሳል፤ ይስቃል። ባትማን ያን የልጅነት ሌሊት ለመርሳት የገነባውን ሁሉ ጆከር በአንድ ሳቅ «ትርጉም የለውም» ይለዋል። ከመንገድ ዳር ዘራፊው ይልቅ ያቺን ሌሊት የሚወክለው እርሱ ነው።

ፊንገር ይህን ከማንም በፊት የተረዳ ይመስለኛል። በ1951 በጻፈው ታሪክ ጆከር ከየት እንደመጣ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲናገር መልሱ ባትማን ራሱ ሆኖ ተገኘ። ቀይ ጭምብል የሚያጠልቅ ሌባ የመጫወቻ ካርታ ፋብሪካ ሊዘርፍ ይገባል፤ ባትማን ያሳድደዋል፤ ሌባው ለማምለጥ የኬሚካል ዝቃጭ ውስጥ ዘልሎ ይዋኛል። ሲወጣ ጸጉሩ አረንጓዴ፣ ቆዳው ነጭ፣ ከንፈሩ ቀይ ሆኗል። ጀግናው ባያሳድደው ኖሮ ጆከር አይኖርም። በ1988 አለን ሙር እና ብራያን ቦላንድ ይህንኑ ታሪክ ወስደው ሌባውን ሥራ ያልቀናው፣ ነፍሰ ጡር ሚስቱ በዚያው ዕለት የሞተችበት አስቂኝ ተዋናይ አደረጉት። ከዚያ ወዲህ ጥያቄው ተለወጠ፤ ሁለቱም አንድ ክፉ ቀን ነበራቸው። አንዱ ከዚያ ቀን ሥርዓት ይዞ ወጣ፤ ሌላው ሳቅ ይዞ።

መካከል ላይ ቁልፉ የደነዘዘበት ዘመን አለ። በ1954 አሳታሚዎቹ መንግሥት ሳይመጣባቸው በፊት ብለው ራሳቸው ላይ የጫኑት የሥነ ምግባር ደንብ ወንጀለኛ አዘኔታ እንዳያገኝ፣ ሁልጊዜም እንዲቀጣ አዘዘ። ጆከር ሰው መግደል ትቶ የሚያሾፍ ቀልደኛ ሆነ። በሌላው ወገንስ ምን ሆነ መሰላችሁ? ባትማንም አብሮ ቀለለ፤ ባዕድ ፕላኔት እየሄደ ከጭራቅ ጋር ይጫወት ገባ። በ1973 ዴኒስ ኦኒልና ኒል አዳምስ ጆከርን ወደ ገዳይነቱ ሲመልሱት ባትማንም መልሶ ጨለመ። የቁልፉ ጥርስ ሲሳል ጓጉንቸሩም ከበደ።

በጣም መግጠምም ግን ችግር አለው። በ1989 የቲም በርተን ፊልም ውስጥ የባትማንን ወላጆች የገደለው ራሱ ጆከር ወጣት ሳለ እንደነበረ ይነገረናል። ብዙዎች ወደዱት። እኔ አልወደድኩትም። ያ ሞት አስፈሪ የሆነው ማንም ስላደረገው ነው፤ ገዳዩ ታዋቂ ሲሆን የልጁ ዓለም ጠበበች፣ ነገሩ የሁለት ሰዎች የግል ቂም ሆነ። ፊንገር በ1948 የነካው ከዚህ ይበልጣል። በዚያ ታሪክ ባትማን የወላጆቹን ገዳይ፣ ጆ ቺል የሚባል ተራ ወንጀለኛ፣ ያገኘውና ጭምብሉን አውልቆ ማን እንደሆነ ያሳየዋል። ቺል በድንጋጤ እየሮጠ ወደ ወንበዴ ጓደኞቹ ይሄዳል፤ ባትማንን የፈጠርኩት እኔ ነኝ ይላቸዋል፤ ወላጆቹን ስለገደልኩ ነው እንዲህ የሆነው። ጓደኞቹ ማን እንደሆነ ሳይጠይቁ በንዴት ተኩሰው ይጥሉታል። ሁላቸውንም እስር ቤት የሚያስገባቸውን ሰው ያመጣባቸው እርሱ ነውና። ባላንጣ ጀግናን የፈጠረበት፣ ለዚያም በባላንጣዎች የተቀጣበት ታሪክ ከዚህ የተሻለ አላውቅም።

የስፓይደርማን ሽማግሌዎች

በኦገስት 1962 ስታን ሊ እና ስቲቭ ዲትኮ ያመጡት ፒተር ፓርከር ሌላ ዓይነት ጓጉንቸር ነው። ወላጅ አልባ ተማሪ፤ ሳይንስ የሚወድ፤ በአክስትና በአጎት ያደገ። ኃይል ባገኘ ማግስት ሊያስቆመው ይችል የነበረውን ሌባ «ምን አገባኝ» ብሎ ያሳልፈዋል፤ ያው ሌባ አጎቱን ቤንን ይገድላል። ቁስሉ ጥፋተኝነት ነው። አባት የሚሆነው ሰው የለም፤ የነበረውም በእርሱ ምክንያት ሄደ።

አሁን የመጀመሪያዎቹን ባላንጣዎች ተመልከቱ። በሜይ 1963 ጥንብ አንሣው፤ ክንፍ የሠራ መላጣ ሽማግሌ። በጁላይ ዶክተር ኦክቶፐስ፤ በአደጋ አራት የብረት እጆች ሰውነቱ ላይ የተጣበቁበት የኑክሌር ሊቅ። በኖቬምበር እንሽላሊቱ፤ የተቆረጠ እጁን ሊያበቅል ሲሞክር አውሬ የሆነ ተመራማሪ፣ በቤቱ ግን መልካም አባት። ሦስቱም ጎልማሶች፣ ሦስቱም የዕውቀት ሰዎች ናቸው፤ አብዛኞቹም እንደ ፒተር ሙከራ ወይም አደጋ የለወጣቸው። ፒተር የሚዋጋው ነገ ሊሆን ከሚችለው ሰው ጋር ነው። በየወሩ የሚጠየቀው ከሞት የባሰ ጥያቄ አለ፦ ስታድግ ከእነዚህ የትኛውን ትሆናለህ?

የዚህ ሁሉ ጫፍ አረንጓዴው ጎብሊን ነው። በ1964 መጣ፤ ጭምብሉ ውስጥ ማን እንዳለ አንባቢ ሁለት ዓመት ጠበቀ። በኦገስት 1966 ጭምብሉ ሲወልቅ ኖርማን ኦስቦርን ሆነ፤ የፒተር የትምህርት ቤት ጓደኛ የሃሪ አባት፣ የፋብሪካ ባለቤት። በሚቀጥለው እትም መጨረሻ ላይ ኦስቦርን ጎብሊን መሆኑን ጨርሶ ይረሳል። ምን ዓይነት ሞረድ እንዳረፈ አስቡት። ፒተር ጠላቱን ያውቀዋል፤ ጠላቱ ራሱን አያውቅም፤ ለጓደኛው ሲል ዝም ይላል። አባት ያጣው ልጅ የሌላውን ልጅ አባት ስም ይጠብቃል። ምስጢሩ እያደረ ለዓመታት ቆየ፤ ኦስቦርን ባስታወሰ ቁጥር ታሪኩ ይፈነዳል።

በጁን 1973 ጌሪ ኮንዌይ ጽፎት ጊል ኬን በሣለው እትም ጎብሊን የፒተርን ፍቅረኛ ግዌን ስቴሲን ከድልድይ አናት ይወረውራታል። ፒተር ድሩን ወርውሮ በአየር ላይ እግሯን ይይዛታል። ስለ ድምፅ ቃላት ያወራንበትን ምዕራፍ ካስታወሳችሁ፣ አንገቷ አጠገብ የተጻፈችው ትንሽ የመሰበር ድምፅ ሁሉን ትናገራለች፤ ሞተች፤ ምናልባትም የገደላት አያያዙ ነው። ጸጋውም ቁስሉም በአንድ ሥዕል ውስጥ ተገናኙ። አሁንም በቂ ኃይል ነበረው፤ አሁንም የሚወደውን አላዳነም።

መስታወት ብቻ ሲሆን

ከዚህ በጣም ርካሽ የሆነ ዘዴ አለ፤ ያንኑ ጀግና ቀለሙን ገልብጦ ማቅረብ። በ1961 አረንጓዴ ቀለበት ያለው ጀግና ቀለበቱ ቢጫ ነገር ላይ ስለማይሠራ ባለ ቢጫ ቀለበት ባላንጣ ተሰጠው። በ1963 ቀይ ለብሶ የሚሮጠው ጀግና ቢጫ ለብሶ የሚሮጥ ባላንጣ አገኘ። ቁልፉ ገብቷል፤ ግን ምንም አይከፍትም። በጓጉንቸሩ ፊት ቅርጽ ተሠራ እንጂ በውስጡ ጥርስ አልተሞረደም። ስፓይደርማንም በ1984 ጥቁር ልብስ ሲለብስ (ሐሳቡ በ220 ዶላር ከአንድ አንባቢ የተገዛ ነው) ልብሱ ሕይወት ያለው ሆኖ ተገኘና አውልቆ ጣለው፤ በ1988 ያው ልብስ ፒተርን የሚጠላ ጋዜጠኛ አገኘና ቬኖም ሆነ። ቬኖም ከተራ መስታወት የሚሻልበት አንድ ነገር አለ፦ የፒተርን ስምና ቤት ያውቃል፤ አደጋ የሚያስታውቀው ስሜቱም ለእርሱ አይሠራም።

መስታወቱ በእውነት የሚከፍተው ባላንጣው ትንሽ እውነት ሲኖረው ነው። በ1963 የመጣው ማግኔቶ መጀመሪያ ላይ ማኅበሩን «የክፉዎች» ብሎ የሰየመ ሰው ነበር፤ ማን ራሱን እንዲህ ይጠራል? በ1981 ክሪስ ክሌርሞንት ከአውሽቪትስ የተረፈ ሕፃን አደረገው። ከዚያ በኋላ ሰው ከእኛ የተለየውን አይምርም ሲል ከፊቱ ያለው ጀግና፣ ፕሮፌሰር ኤክስ፣ በቀላሉ «ተሳስተሃል» ሊለው አልቻለም። ኪልሞንገርም በ1973 በዶን ማክግሬገር ሲፈጠር የዋካንዳው ንጉሥ የቲቻላ፣ ማለትም የብላክ ፓንተር፣ ተቀናቃኝ ብቻ ነበር። በ2018ቱ ፊልም ግን አባቱን የገደለው የጀግናው አባት ነው፤ ልጁንም ኦክላንድ ላይ ጥለውት ሄዱ። ዋካንዳ ይህን ሁሉ ሀብት ይዛ ለምን ተደበቀች? ሲል ቲቻላ መልስ የለውም። ኪልሞንገር ይሸነፋል፤ ቲቻላ ግን ኦክላንድ ሄዶ ሕንፃዎቹን ይገዛል፤ አገሩንም ይከፍታል።

ቁልፉ ቀድሞ ሲመጣ

አንድ ትልቅ ጀግና ግን በተቃራኒው መንገድ ተሠርቷል። ጆ ሳይመን በኋላ እንደተረከው በ1940 ከጃክ ከርቢ ጋር አዲስ ጀግና ሲያስብ የጀመረው ከባላንጣው ነው። ከሁሉ የሚበልጥ ክፉ ሰው በየማለዳው ጋዜጣ ላይ ነበር፤ ሂትለር። ለእርሱ የሚሆን ጀግና ብቻ ጠፍቶ ነበር። የማርች 1941 እትም ተብሎ ዲሴምበር 1940 ላይ በወጣው መጽሔት ሽፋን ካፕቴን አሜሪካ የሂትለርን አገጭ በቡጢ ይላል። አሜሪካ ጦርነቱ ውስጥ ለመግባት ገና አንድ ዓመት ይቀራታል።

በጦርነቱ ዘመን እጅግ ተሸጠ። ጦርነቱ ሲያልቅ ግን የጀግናው መኖሪያ ምክንያት አብሮ አለቀ። አሳታሚዎቹ ምን ያላደረጉት አለ? በ1949 ቀይ ራስ ቅል የተባለውን የናዚ ባላንጣ ለማግኘት ጀግናውን ሲኦል ድረስ አወረዱት። በ1950 የወጣው የመጨረሻ እትም ስሙን ይዞ ወጣ እንጂ እርሱ ራሱ በውስጡ አልነበረም። በ1954 ኮሚኒስት አሳዳጅ አድርገው መለሱት፤ በሦስት እትም ተዘጋ። ለአንድ ቁልፍ ተብሎ የተሠራ ጓጉንቸር ቁልፉ ሲሰበር ብረት ብቻ ነው።

ስታን ሊ እና ጃክ ከርቢ በማርች 1964 ያዳኑት አዲስ ጠላት በመፈለግ አይደለም፤ ቁስል ሰጡት። በበረዶ ውስጥ ተገኘ፤ ሲነቃ ሃያ ዓመት ገደማ አልፏል፤ ወጣት ባልደረባው ባኪ በዓይኑ ፊት በፈንጂ አውሮፕላን ላይ ሞቷል። ወዲያው ባላንጣ ተሞረደለት። በዚያው ዓመት የመጣው ባሮን ዜሞ የባኪን ሞት ያደረሰው ሰው ነው፤ በጦርነቱ ጊዜ የካፕቴኑ ጋሻ የሙጫ በርሜል ሰብሮበት ጭምብሉ ፊቱ ላይ ለዘላለም ተጣብቆ ቀርቷል። በ1972 ደግሞ ስቲቭ ኢንግልሃርት የ1954ቱን ያልተሳካ ኮሚኒስት አሳዳጅ አነሣና ሌላ ሰው አደረገው፦ ጀግናው በበረዶ ውስጥ ሳለ ልብሱን የለበሰ፣ አገር ወዳድነቱ ወደ እብደት የዞረበት አስመሳይ። እውነተኛው ካፕቴን የራሱን የከሸፉ ሦስት እትሞች ተዋጋ።

ባኪን ግን የነካው አልነበረም። አንባቢዎች በኮሚክስ ሞቶ የማይነሣ ሦስት ሰው ብቻ አለ ይሉ ነበር፦ ባኪ፣ የባትማን ረዳት የነበረው ጄሰን ቶድና አጎት ቤን። በ2005 ኤድ ብሩቤከርና ስቲቭ ኤፕቲንግ የካፕቴን አሜሪካን አዲስ ተከታታይ ሲጀምሩ፣ ሶቪየቶች በበረዶ እያቆዩ ለአሥርተ ዓመታት የተጠቀሙበት፣ ስሙን የማያውቅ አንድ ክንዱ ብረት የሆነ ነፍሰ ገዳይ አመጡ። ባኪ ነበር። (ጄሰን ቶድም በዚያው ዓመት ተነሣ፤ ከሦስቱ ቃሉን ጠብቆ የቀረው አጎት ቤን ብቻ ነው።) ካፕቴኑ ምኞት የሚፈጽም ቁስ እጁ ሲገባ የተመኘው የልጁ ትዝታ እንዲመለስ ነበር። ተመለሰለት፤ የገደላቸው ሰዎች ሁሉ አብረው ተመለሱ። በ2007 ካፕቴኑ በጥይት ሲወድቅ በሚቀጥለው ዓመት ጋሻውን ያነሣው ባኪ ነው። ብሩቤከርም ወዲያው ለእርሱ ባላንጣ ፍለጋ ገባ፤ ያገኘውም ያው የ1954ቱን አስመሳይ ነበር።